ያለ ቁርስ

«ትናንት ታጥቤያለሁ» አለች ሚጡ፣ ሲስተሯ ገና ምንም ሳትጠይቃት።

ሲስተሯ ጓንት ያጠለቁ ጣቶቿን ከሚጡ አንገት ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየቻት። «ምን አልሽኝ?»

«አንገቴን። በሳሙና ነው የታጠብኩት። ግን አይለቅም።»

«ስለ መታጠብ መቼ ጠየቅኩሽ?»

«እያዩት ስለሆነ ነው።»

ወደ ጤና ጣቢያው የመጡት ለጉሮሮዋ ነበር። ቶንሲሏ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቷት ነበር። ሲስተሯ አፏን አስከፍታ በባትሪ አይታ፣ እብጠቱን ልትዳስስ ሻርፗን ስታወልቅላት ነው እጇ አንገቷ ላይ የቀረው። ሚጡ ያቺን ሻርፕ በፀሐይም በሙቀትም አታወልቃትም። የሚጠይቃት ካለ «ብርድ ይመታኛል» ትላለች። ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ የመጨረሻው ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ሰነፍ ሆና ሳይሆን ከኋላዋ ሰው እንዳይኖር ነው።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው እናቷ ጣልቃ ገባች። «እውነቷን ነው ሲስተር። ቅዳሜ ቅዳሜ የማሻት እኔ ራሴ ነኝ። ባለፈው ቆዳዋ እስኪቀላ ፈተግኳት። ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሆነ እንጃ፣ እንደ ጥላሸት ተጣብቋል።»

«ቆሻሻ አይደለም» አለች ሲስተሯ።

«እንዴት?»

«ቆሻሻ አይደለም እናት። ቆዳዋ ራሱ ነው የጠቆረው። ሺህ ጊዜ ቢያሿት አይለቅም።»

ሚጡ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ሌባ ዕቃ ስትደብቀው የኖረችው ነገር ቆሻሻ አይደለም። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ቀጥሎ፣ ታዲያ ምንድነው? የሚለው መጣ።

ሲስተሯ መልስ ከመስጠቷ በፊት መጋረጃውን ጋርዳ ሚዛኑ ላይ አቆመቻት፤ ቁመቷንም ለካቻት። ቁጥሩን ጮክ ብላ አልተናገረችም። እናት ግን ከመጋረጃው ጀርባ አላስችል ብሏት «ስንት ሆነች?» ብላ ጠየቀች።

«ለዕድሜዋና ለቁመቷ ክብደቷ ከፍ ብሏል።»

«ተመስገን!» አለች እናት፣ ከልቧ።

ሲስተሯ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየቻት። ወጣት ናት፤ ከሥራ ብዛት ጋዋኗ ኪስ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሶበታል። «ከፍ ብሏል ስል ከሚገባው በላይ ሆኗል ማለቴ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የበላነው ምግብ ውስጥ ያለውን ስኳር ሰውነታችን ሥራ ላይ ማዋል አለበት። ይህ ሲከብደው አንዳንድ ልጆች አንገታቸውና ብብታቸው እንዲህ ይጠቁራል። የሚጡም እንደዚያ ይመስለኛል።»

«ስኳር ይዟታል ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። ለማወቅ ደሟ መታየት አለበት። ቶንሲሏ ይዳንና በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ። ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ።»

«ሳትበላ?» እናት ከአግዳሚው ተነሳች። «የኔ ልጅ? ሳትበላ?»

«ለአንድ ጠዋት ነው።»

«ስሚኝ የኔ እህት። አንቺ ያኔ እዚህ አልነበርሽም። ይቺ ልጅ ሕፃን ሆና እዚሁ ቤት ነው ያመጣኋት። ክንዷ የክብሪት እንጨት ያክል ነበር። በዚያ ቀለም ባለው ጥብጣብ ለክተዋት ቀዩ ጋ ሲደርስ 'ልጅሽን ምን እያበላሻት ነው?' ብለው በሰው ፊት አስለቀሱኝ። ይኸው አበላኋት! ማብላት ከተባለ ከኔ በላይ ማን አበላ? አሁን ደግሞ ወፈረች ልትሉኝ ነው? ቁርጡን ንገሩን እንጂ!»

በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ። እናት የመድኃኒቱን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አድርጋ የሚጡን እጅ ያዘች። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም» አለች።

ሚጡ እየተጎተተች ዞር ስትል ሲስተሯ አልተቆጣችም። «ሐሙስ አለሁ» ብቻ አለቻት።

*

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ መኝታ። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አባቷ በወር አንድ ሁለቴ ብቅ ስለሚል ቤቱም ሱቁም የሁለቱ ነው። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ባንኮኒው ጀርባ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ዕቃ ልታመጣ ወደ ገበያ ትወጣለች። እስኪመሽ የሚያስነሳት የለም። ሳሙናውም ሻማውም እጇ በሚደርስበት ቦታ ነው የተደረደረው።

ሱቁ ውስጥ የሁለቱ ብቻ የሆነ ወግ ነበር። ሚጡ ገብታ ገና ሳትቀመጥ እናቷ ከፍሪጁ አንድ ለስላሳ ታወጣና ከፍታ ባንኮኒው ላይ ታኖርላታለች። «ልጄ የሰው አፍ አታይም» ትላለች። አመሰግናለሁ፣ ደከመሽ፣ እወድሻለሁ የሚባሉትን ቃላት እናቷ በአፏ ስታወጣ ሚጡ ሰምታ አታውቅም። ጠርሙሱ ግን በየቀኑ ይከፈታል።

በማግስቱ ሚጡ ጠርሙሱን በጣቷ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። «ዛሬ ውሃ ይሻለኛል።»

«ምነው? ጉሮሮሽ ነው?»

«አይደለም። እንዲሁ።»

እናቷ የተከፈተውን ጠርሙስ ለአፍታ አየችው። ተመልሶ አይዘጋ፣ አይሸጥ። አንስታ ራሷ ጠጣችው፤ የምትጠላውን መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሳትሰናበት ወጣች።

ሚጡ ብቻዋን ስትቀር እጇ እንደ ልማዷ ባንኮኒው ሥር ወዳለው ካርቶን ሄደ። አከፋፋዮቹ ካርቶኑን ከመኪና ላይ ስለሚወረውሩት ግማሹ ብስኩት ተሰባብሮ ነው የሚመጣው፤ የተሰበረውን ደግሞ የሚገዛ የለም። ሲስተሯ ምን እንደምትበላ ጠይቃት ነበር። ሚጡም ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብላ በሐቅ ነግራታለች። የተሰባበረው ብስኩት ትዝም አላላት። እነሱ ቤት የማይሸጥ ነገር እንደ ምግብ አይቆጠርም፤ እንዳይጣል ተብሎ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። አሁን አንዱን ቁራጭ አንስታ አየችው። ከዚያ መለሰችው። ቆይታ ደግሞ አነሳችው፤ በላችው። ቢሆንም ይህኛውን እንደበላች ታውቃለች።

ቅዳሜ ማታ እናቷ እንደ ወትሮው ውሃ አሙቃ ሳፋውን አቀረበች። ጀርባዋን አሸቻት፣ ትከሻዋን አሸቻት። አንገቷ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሚጡ ጀርባዋን እንደሰጠች ጠበቀች። ሳሙናው ሳፋው ውስጥ ጧ ብሎ ሲወድቅ ተሰማት፤ ቀጥሎ እናቷ በእጇ መዳፍ ብቻ፣ ሕፃን እንደምታጥብ ቀስ አድርጋ ውሃ አፈሰሰችላት።

«ያምሽ ነበር?» አለች እናቷ።

«ስትፈትጊኝ?»

«እህ።»

«ትንሽ።»



*

ጓደኛዋን ትምህርት ቤት ሁሉም ቀጭኔ ነው የሚላት። ከአስተማሪዎቹ አንዳንዶቹን በቁመት ትበልጣለች። ሚጡ ደግሞ እዚያ ትራስ ናት። ሁለቱ አብረው በሄዱ ቁጥር አንድ የሚቀልድ አይጠፋም፤ ቀጭኔም ሁልጊዜ «ቅናት ነው፣ እለፊው» ትላለች።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሚጡ ሁሉንም ነገረቻት። ሻርፗንም ገለጥ አድርጋ አሳየቻት።

ቀጭኔ አጎንብሳ አየች። «ይኼው ነው እንዴ? በናትሽ! እኔ ንቅሳት ምናምን ያለሽ ነበር የሚመስለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው በሙቀት የምትቀቀይው?»

«አትሳቂ።»

«አልሳቅኩም። ተናደድኩ እንጂ። እና ምርመራው?»

«እማ አትሄጂም ብላለች።»

«አንቺስ?»

ሚጡ ሻርፗን መልሳ እየጠመጠመች አጎቷን አሰበች። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ በስኳር ምክንያት አንድ እግሩ ከተቆረጠ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲመጣ ክራንቹን ከሱቁ በር አስደግፎ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ይቀልዳል፣ ይስቃል። እሱ ሲሄድ እናቷ የተደረደረውን ዕቃ አውርዳ እንደገና ትደረድራለች። «እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች ሚጡ። «ካለብኝ እንዳለብኝ፣ ከሌለብኝ እንደሌለብኝ። ማታ ማታ እያሰብኩ መተኛት አቃተኝ።»

«አበቃ፣ እንሄዳለን።»

«እንዴት ብዬ?»

«ለኔ ተይው። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ታላቅ እህቷ ነኝ እላለሁ። ይሄ ቁመት ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ቀጭኔ ሱቁ በር ላይ ብቅ አለች። ሚጡን ምንም ሳታስጠነቅቅ፣ «ደህና አመሹ ማዘር!» ብላ ጀመረች። «ነገ በጠዋት የሂሳብ ማጠናከሪያ አለን። አስተማሪው በጊዜ ኑ ብሎናል። ሚጡን ልወስዳት እመጣለሁ።»

«ማጠናከሪያ?» እናት ፊቷ በራ። «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ። ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት።»

«ተዘጋጅታ ትጠብቅሻለች።»

ቀጭኔ ከእናት ትከሻ በላይ ሚጡን በዓይኗ ጠቀሰቻትና ሄደች። ሚጡ የሻማዎቹን ፓኮ እያነሳች ያለ ምክንያት እንደገና ደረደረች።

*

ሐሙስ ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የዘይት ድምፅ ነበር።

እናቷ ገና ሳይነጋ ተነስታለች። ዳቦውን በእንቁላል ነክራ እየጠበሰች ነው። ሻዩ ተቀድቷል፤ ስኳሩ ተማስሎ አልቆ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቆሟል። በሌላ ቀን ቁርስ ዳቦ በሻይ ነው፤ እንቁላል የሚወጣው አባቷ የመጣ ቀን ብቻ ነው።

«ነይ ነይ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች እናቷ። «ሂሳብ በባዶ ሆድ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም።»

ሚጡ ፊቷን ታጥባ ተቀመጠች። እናቷም ፊት ለፊቷ ተቀምጣ አገጯን በመዳፏ ደገፈች። ሚጡ ስትበላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ራሷ አትበላም፣ አታወራም፤ ዓይኗን ብትነቅል የሚያመልጣት ነገር ያለ ይመስል ትኩር ብላ ታያታለች።

ከውጭ ፉጨት ተሰማ። ቀጭኔ ነች፤ ከመብራት እንጨቱ ሥር ቆማ ነው።

ዳቦውን ቦርሳዬ ውስጥ ብደብቀውስ? እያየችኝ ነው። ሆዴን አመመኝ ብልስ? እናቷ ወዲያው ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነገር አንስታ ታጠጣታለች። ብበላውስ? ብበላው ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ዳቦው ይሸታል፤ እናቷ ደስ ይላታል፤ ቀጭኔ ትንሽ ትበሳጫለች። ከዚያ ደግሞ ማታ ይመጣል፤ ሚጡም ጣሪያውን እያየች ትተኛለች።

ሹካውን አስቀመጠች።

«እማ፣ ማጠናከሪያ የለም።»

«ምን?»

«ጤና ጣቢያ ልሄድ ነው። ሲስተሯ ያለችው ዛሬ ነው። መብላት የለብኝም።»

እናቷ አገጯን ከመዳፏ አነሳች። መጀመሪያ መጥበሻውን አየች፤ ቀጥሎ በሩን። «ያቺ ሰንበሌጥ ናት አይደል ያስተማረችሽ? እቤቴ ድረስ መጥታ ማዘር ማዘር እያለች! አንቺም ዝም ብለሽ ሰማሽ! እኔ እዚህ በሌሊት ተነስቼ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «እንቁላል ጠበስኩልሽ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው? ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው። ቆሞ ሲሄድ የነበረ ሰውዬ። 'ያለ ቁርስ ና' አሉት፤ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሆኖ አልተመለሰም። ክኒን፣ መርፌ፣ ቀጥሎ እግሩ። ባይሄድ ኖሮ...»

ሚጡ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። እናቷ የተናደደችው ሲስተሯ ላይ ብቻ ይመስላት ነበር። ፈርታ እንደሆነ ያወቀችው አሁን ነው።

«አጎቴ የሄደው እግሩ ቆስሎ አልድን ሲለው ነው» አለች። «ራሱ ነው የነገረኝ። 'ቀድሜ ብሄድ ኖሮ' እያለ ይቀልዳል፤ አንቺ ስትወጪ። እኔ አልቆሰልኩም እማ። ደህና ነኝ። ደህና ሆኜ ልሂድ።»

ከውጭ ፉጨቱ ተደገመ። እናት ወደ መንገዱ ዞራ «መጣን፣ ጆሯችንን አታደንቁሪን!» ብላ ጮኸች። ፉጨቱ ቀጥ አለ።

ሚጡ «መጣን» የሚለውን ሰማች፤ ግን ለመጠየቅ አልደፈረችም። እናቷ ዳቦው ላይ ሌላ ሳህን ደፋችበት። ነጠላዋን ለበሰች። የሱቁን መዝጊያ ገና ልትቆልፍ ስትል አንድ ጎረቤት ሳሙና ልትገዛ ደረሰች።

«ምነው በጠዋቱ ልትዘጊ ነው? ደህና አይደላችሁም?»

«ደህና ነን» አለች እናት ቁልፉን እያዞረች። «ደህና መሆናችንን ልናይ ነው የምንሄደው።»

*

ሲስተሯ እናትን በሩ ላይ ስታያት ከወንበሯ ተነሳች። እናት ግን አልተቀመጠችም። ለጠብም ለዕርቅም የሚመች ቦታ መርጣ ከበሩ አጠገብ ቆመች።

«ያን ዕለት በቂ ሳልነግርዎት ሄዱብኝ» አለች ሲስተሯ። «ያኔ ልጅዎን አትርፈዋታል። ይቺ ልጅ እዚህ የቆመችው እርስዎ ስላበሏት ነው። በሰው ፊት ማስለቀሳቸው ልክ አልነበረም።»

እናት ይህን አልጠበቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «እሺ፣ አሁን ምን አድርጊ ልትዪኝ ነው? ፍራፍሬ በሉ ልትዪን ነው? ሙዝ ዋጋው የት እንደደረሰ አይተሻል?»

«እኔም እገዛለሁ፤ አይቻለሁ። ሙዝ ግዙ አላልኩም።»

«ታዲያ?»

«መጀመሪያ እንየዋ።»

የሚጡን ጣት በጥጥ ጠርጋ በትንሿ መርፌ ነካ አደረገቻት። አንድ ጠብታ ደም መሣሪያው ላይ አስነካች። ቀጭኔ በመስኮቱ በኩል አንገቷን አስግጋ ታያለች። መሣሪያው እስኪቆጥር የፈጀው ጊዜ ለሚጡ የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ረዘመባት። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም፤ የምታውቀው እጇ ትከሻዋ ላይ መሆኑን ነው።

«ስኳር በሽታ አይደለም» አለች ሲስተሯ።

እናት ድምፅ አውጥታ ተነፈሰች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ደህናም አይደለም። መሀል ላይ ነው። ችላ ካልነው ወደዚያ ይሄዳል፤ ከያዝነው ይመለሳል። እዚህ ደረጃ ላይ እያለ የሚመለስ ነው።» ወደ ሚጡ ዞረች። «አንቺ ገና እያደግሽ ነው። እንድትቀጥኚ አይደለም የምፈልገው። የምግብ ሰዓት እንዳታሳልፊ፣ እንዳትራቢ። ክብደትሽ ባለበት ቢቆይልን ቁመትሽ ይደርስበታል። ምን ትጠጫለሽ?»

«ለስላሳ እጠጣ ነበር። አሁን ውሃ ጀምሬያለሁ።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ደግሞ ያልነገርኩዎት አለ። ሱቃችንን ስጠብቅ ብስኩት እበላለሁ። የተሰባበረውን። ብዙ።»

«እሱ እንኳን ትርፍራፊ ነው» አለች እናት ለማስረዳት ያህል። አለችና ራሷ የተናገረችውን ሰማችው። «ለካ እሱም ምግብ ነው» አለች።

«ሱቅ ስትጠብቅ ስንት ሰዓት ትቀመጣለች?» አለች ሲስተሯ።

«እስኪመሽ» አለች ሚጡ።

ሲስተሯ የምትለውን በጣቷ እየቆጠረች አልዘረዘረችም። የምትሸጠውን ዕቃ ከእጇ ራቅ አድርገው ቢያስቀምጡት፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ተነስታ ብታወርድ ምን ይመስላችኋል? አለች። እናት አሰበችና «ሳሙናው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቢሆን ቦታም ይተርፈኛል» አለች። ብስኩቱን ደግሞ አከፋፋዮቹ እንዲቀይሩላት እንደምትነግራቸው፣ እምቢ ካሉ ካርቶኑን እዚያው በራቸው ላይ ከፍታ እንደምትቆጥርባቸው ተናገረች። እየተናገረች ሳታውቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ነው ሲስተሯ ድንገት «እርስዎስ ቁርስ በልተዋል?» ያለቻት።

«እኔማ መች በላሁ! ለሷ ስጠብስ...»

«በጣም ጥሩ። እጅዎን ይስጡኝ።»

እናት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «የኔን ተይው። እኔ ምን አለኝ?»

«አያምም እማ» አለች ሚጡ። «ጉንዳን እንደነካሽ ነው።» እናቷ የደበቀችውን እጅ ፈልጋ አወጣችና መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። አልለቀቀችውም። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች።

መሣሪያው ቆጥሮ ሲጨርስ ሲስተሯ ቁጥሩን አየች፤ ደግማ አየች። «ተማክራችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት? እናትም ልጅም አንድ ቦታ ናችሁ።»

«እኔም?»

«እርስዎም መሀል ላይ ነዎት።»

እናት የተወጋችውን ጣቷን አየቻት። ሚጡ ታለቅሳለች ብላ ፈራች። እናቷ ግን ሳቀች፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ያን ለስላሳ የጠጣሁት በሷ ተናድጄ ነው እኮ!» አለች።

ሲስተሯ ለሦስት ወር ቀጠሮ ሰጠቻቸው። ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር ጨመረች። ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ገመድ ይዘላሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ የሚመጡ እናቶችም ስለ ምግብ ይነጋገራሉ። የሚከፈል የለም፤ ማንንም በሰው ፊት ሚዛን ላይ አያወጡም። «ከእናንተ ትምህርት ቤትም የሚመጡ አሉ» አለች።

ሚጡን ያስፈራት ይህ የመጨረሻው ነበር። ገመድ ስትዘል እነማን ሊያዩዋት እንደሚችሉ አሰበች፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚወራም ገመተች። እናቷን አየቻት።

«እኔን አትዪኝ» አለች እናቷ። «እስካሁን እኔ ወሰንኩ፤ ዛሬ ደግሞ አንቺ ወሰንሽ። ቅዳሜንም አንቺው ጨርሺው።»

ውጭ ቀጭኔ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እናት ስታያት ጠጋ አለቻት፤ ቀጭኔም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

«እሺ ሰንበሌጥ፣ ማጠናከሪያው እንዴት ነበር?»

ቀጭኔ አንዴ ሚጡን አንዴ እናትን አየች። «ትንሽ... ከበድ ይላል ማዘር።»

«ሁለተኛ ከኔ ጋ ሂሳብ እንዳትጀምሪ። ቁርስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ነይ እንግዲህ። እንቁላሉ ለሦስት ይካፈላል።»

መንገድ ላይ ቀጭኔ ወደ ሚጡ ዘንበል ብላ «ቅዳሜ ያለችው ምንድነው? በመስኮት ሰምቻለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ከፈለግሽ እኔም እመጣለሁ።»

«ገመድ ትችያለሽ?»

«እኔ? እግሬ ገመዱን አልፎ ነው የሚያርፈው።»

ሚጡ ሳቀች፤ ግን እሄዳለሁም አልሄድምም አላለችም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አሰበችበት። ማታ ላይ ለእናቷ «ነገ ጠዋት እኔ የለሁም፤ ሱቁን አንቺ ነሽ የምትከፍቺው» አለቻት። እናቷም «እሺ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ስለነበረ ግቢው ጨቀየ፤ ልጆቹ ገመዱን ኮሪደሩ ውስጥ ነው የዘለሉት። ከሚጡ ክፍል የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱም እሷን ሲያይ ደንግጦ ሰላም አላት። ሚጡ ገመዱ ብዙ ጊዜ ተጠላለፈባት፤ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ግን ገባች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄደች።